ወጣትነቱ ማለፉን ላወቀ ሰው የተሰጠ ምክር

ዕድሜን ለሰጠ፣ ልኩንም ለወሰነ፣ ጠጉርን ካጠቆረ በኋላ ለሚያነጣው ለአላህ ምስጋና ይገባው። የአላህ ሰላምና በረከትም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

አንተ አንባቢ ሆይ! ሰው ልጅነቱ ያለፈ ዕለት ደስ ይለዋል፤ ጢሙ ብቅ ሲል በመስተዋት ያየዋል፤ ለባልንጀሮቹም ያሳያል። ወጣትነቱ ሲያልፍ ግን የሚያበሥረው የለም። የተወለደበትን ቀን ወላጆቹ ያስታውሳሉ፤ የኒካሑን ቀን ምስክሮች ያውቃሉ፤ የሞተበትንም ቀን የቀሩት ይቈጥራሉ። ወጣትነቱ ያለፈበት ቀን ግን በማንም መዝገብ አይገኝም። ስለዚህም ብዙ ሰው ያ ቀን ካለፈ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ዓመት ከሆነው በኋላ እንኳ ገና እንዳላለፈ ሆኖ ይኖራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሰው ወጣት አለመሆኑን ባወቀ ጊዜ ምን ማድረግ ይገባዋል? ይዘን ዘንድ ነውን? ይሸሽገው ዘንድ ነውን? ወይስ ሌላ ነገር ይጠበቅበታልን?

እኛ የምንለው ይህ ነው። ወጣትነት ማለፉን ማወቅ የሞት መርዶ አይደለም፤ የዕዳ ማስታወቂያ ነው እንጂ። እስከዚያ ቀን ድረስ በጉልበትህ ስትሰበስብ ኖረሃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በእጅህ ካለው ውስጥ የሌሎች ሰዎች ሐቅ የሆነው መጠየቅ ይጀምራል። ጠያቂውም ሲመጣ የሚያገኝህ በጉልበትህ ሳለህ ይሆን ወይስ ካለፈህ በኋላ፣ ይህ በአንተ እጅ ያለ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ምልክቶቹን እንይ። በቴፒ ገበያ ቡናና ቅመማ ቅመም የሚነግደውን ሰው አስብ። ኮረሪማውን፣ እርዱን፣ ቁንዶ በርበሬውን በእጁ ዳስሶ፣ በአፍንጫውም አሽትቶ ጥሩውን ከመጥፎው ይለያል፤ በዚህ ሙያ ማንም አይቀድመውም። ነገር ግን የዱቤ መዝገቡን ሲገልጥ ክንዱን ዘርግቶ ከዓይኑ ማራቅ ጀምሯል። መብራቱ ያነሰ፣ ቀለሙም የደበዘዘ ይመስለዋል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱን ግን በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርቡን ነገር አጥርቶ ማየት ያዳግታል። ይህም ለሀብታምም ለድኻም፣ ለተማረም ላልተማረም እኩል የሚመጣ ነው።

ሁለተኛው ምልክት በጉልበት የሚታይ ነው። ድሮ ተሸካሚ ሲዘገይበት የጀንፈሉን ጆንያ ራሱ አንሥቶ ወደ ሚዛኑ ያደርስ የነበረው ሰው፣ ዛሬ ሳያስበው ዓይኑ ተሸካሚ ይፈልጋል። ሦስተኛው ምልክት ከሰው አፍ ይመጣል። ትናንት “ወንድሜ” ይሉት የነበሩ ዛሬ “አባባ” ይሉታል። በመኪና ውስጥ ቆሞ ሲያዩት ወጣቶች ተነሥተው ወንበር ይለቁለታል፤ እርሱም ለማን እንደ ተነሡ ለማየት ወደ ኋላው ይዞራል። አራተኛው ምልክት በዘመናችን የተጨመረ ነው። ቴሌብር የተባለው የገንዘብ መላኪያ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብር በስልክ ይሄዳል፣ በስልክ ይመጣል። አባት መነጽሩን ሲፈልግ ልጁ ጨርሶ ያድራል። በመጨረሻም አባት “እስቲ አንተ ላክልኝ” ብሎ ስልኩን ያቀብላል። በዚያች ሰዓት ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው ስልክ ብቻ አይደለም፤ ግን አባትም ልጅም ይህን በቃል አይናገሩትም።

ቅዱስ ቁርኣን ይህን ነገር አስቀድሞ አስታውቆናል። በሱረቱ አር-ሩም የሰው ዕድሜ በሦስት ተከፍሎ እናገኘዋለን፤ ይኸውም አላህ ሰውን ደካማ አድርጎ እንደሚፈጥረው፣ ከድካሙም በኋላ ኀይል እንደሚሰጠው፣ ከኀይሉም በኋላ ወደ ድካምና ወደ ሽበት እንደሚያደርሰው ነው። እንግዲህ ኀይል በሁለት ድካም መካከል የተቀመጠ ነው፤ የሚመለስ ውሰት ነው እንጂ ርስት አይደለም። በሱረቱ አል-አሕቃፍ ደግሞ አርባ ዓመት በቍጥሩ ተጠርቶ ይገኛል። አርባ ዓመት የሞላው ደግ ሰው በዚያ የሚለምነውን ልመና ልብ ብለህ መርምር። ለእርሱና ለወላጆቹ ስለ ተሰጠው ጸጋ ማመስገንን ይለምናል፤ በጎ ሥራ መሥራትን ይለምናል፤ ዘሩም መልካም እንዲሆንለት ይለምናል። ወደ ኋላው ወላጆቹን፣ ወደ ፊቱም ልጆቹን ያያል። ወጣት ሳለ ራሱን ብቻ ያይ ነበር፤ በአርባ ዓመቱ ግን በሁለት ትውልድ መካከል ቆሞ ተገኘ። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ወሕይ የወረደላቸው በአርባ ዓመታቸው እንደ ሆነ፣ ከዚያም በኋላ እስከ ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ድረስ እንደ ደከሙ አትርሳ። ትልቁ ሥራቸው የተጀመረው ብዙ ሰው ጊዜዬ አልፏል በሚልበት ዕድሜ ነበር።

በአገራችን ደግሞ ይህ ነገር ከሌላው ዓለም ይልቅ ፈጥኖ ይታወቃል። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ከሃያ ዓመት በታች ነውና፣ አርባ ዓመት የሞላው ሰው በገበያም በመስጊድም ዙሪያውን ሲመለከት ከእርሱ የሚያንሰው ይበዛል። በጃፓንና በኢጣልያ ግን ከሕዝቡ ግማሽ የሚበልጠው አርባ አምስት ዓመት ያለፈው ስለ ሆነ፣ የአርባ ዓመት ሰው በዚያ ገና ከወጣቶች ወገን ይቈጠራል። በሌላ በኩል በአገራችን ዕድሜ ረዝሟል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሰው አማካይ ዕድሜ አርባ ዓመት አካባቢ ነበር፤ የሕፃናት ሞት መብዛቱም ቍጥሩን ዝቅ ያደርገው ነበር። ዛሬ ግን ከስድሳ አምስት ዓመት በላይ ሆኗል። የዚህን ነገር ውጤት አስተውል! በቀድሞው ዘመን ብዙ አባት ንብረቱን ለልጁ የሚያስረክበው በፈቃዱ ሳይሆን በሞቱ ነበር። ዛሬ ግን አባትና ልጅ ሁለቱም ሙሉ ሰው ሆነው በአንድ ሱቅ፣ በአንድ መጋዘን ሃያ ዓመት አብረው ይኖራሉ። አላህ የጨመረልን ዕድሜ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን ማን ይዘዝ፣ ማን ይታዘዝ የሚለውን ክርክርም አብሮ አምጥቶብናል።

በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር የሚኖረውን ትውልድ ብቻ እንኳ ብታይ ነገሩ ይገባሃል። በ1977 ዓ.ም. በድርቁና በረኃቡ ምክንያት ከወሎና ከሌላም ክፍለ ሀገር በሠፈራ ወደ ከፋና ወደ ኢሉባቦር ከመጡት ውስጥ፣ በዚያን ጊዜ የሃያ ዓመት ጎልማሳ የነበረው ዛሬ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ባዶ እጁን መጣ፤ በማያውቀው ደንና በማያውቀው ዝናብ ውስጥ ኑሮ መሠረተ፤ ልጆች ወለደ፤ የልጅ ልጅም አየ። ነገር ግን የመጣበት ቀን እንደ ትናንት ስለሚታየው፣ ዕድሜውም እዚያው የቆመ ይመስለዋል። ብዙ የደከመ ሰው ከሌላው ይልቅ ወጣትነቱ ማለፉን ዘግይቶ ያውቃል፤ ድካም ዓመትን ለመቍጠር ጊዜ አይሰጥምና።

ይህን ሁሉ ምልክት ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃል።

አንደኛው ስሕተት መካድ ነው። ካጂ የሆነ ሰው የማይችለውን ይሸከማል፤ ሕመሙን ከቤተ ሰቡ ይሸሽጋል፤ የመጋዘኑን ቁልፍ ትራሱ ሥር አድርጎ ይተኛል፤ የሠላሳ ዓመት ልጁንም ገና እንደ ሕፃን ይልከዋል። በስምንተኛው ዓመተ ሂጅራ መካ በተከፈተች ጊዜ የአቡበክር (ረ.ዐ.) አባት አቡ ቁሓፋ ጠጉራቸውና ጢማቸው ፍጹም ነጭ ሆኖ ወደ ነቢዩ እንደ መጡ፣ ነቢዩም ሽበቱን በቀለም እንዲለውጡላቸው፣ ከጥቁር ቀለም ግን እንዲርቁ እንዳዘዙ በሐዲስ ተላልፏል። ስለ ጥቁሩ ቀለም ሊቃውንት ልዩ ልዩ አስተያየት አላቸው፤ ምክንያቱንም ሲያስረዱ ማታለልን ያነሡ አሉ። እንግዲህ ራስን ማሳመር አልተነቀፈም፤ ሰው በዕድሜው ሌላውን፣ ይልቁንም ራሱን ማታለሉ ነው የሚነቀፈው።

ሁለተኛው ስሕተት ተስፋ መቍረጥ ነው። “ከእንግዲህ እኔ ምን ቀረኝ” ብሎ በሱቁ በር ላይ ወንበር አውጥቶ አላፊ አግዳሚውን ሲያይ ይውላል። ለዚህም በሸሪዓው ውስጥ መልስ አለ። ቆሞ መስገድ ያልቻለ ሰው ተቀምጦ፣ ተቀምጦም ያልቻለ በጎኑ ተጋድሞ እንዲሰግድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዒምራን ኢብን ሑሰይን ነግረዋል። ጾሙ ያቃተው ሽማግሌም ስለ እያንዳንዱ ቀን ምስኪን እንዲያበላ ተፈቅዶለታል። ተመልከት! ሥራው መልኩን ለወጠ እንጂ ከጫንቃው አልወረደም። ሽማግሌ ከሥራ አልተሰናበተም፤ ሌላ ሥራ ተሰጠው እንጂ።

ይህን ነገር የቡና ገበሬ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። የቡና ችግኝ ከተተከለ በኋላ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ማፍራት ይጀምራል፤ ከዚያም ለብዙ ዓመት በሙሉ ኀይሉ ይሰጣል። ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ግን ቁመቱ ይረዝማል፣ እንጨቱ ይበዛል፣ ፍሬው ይቀንሳል። ከሩቅ ሲያዩት ግርማ ያለው ዛፍ ነው፤ በለቀማ ጊዜ ግን ቅርጫት አይሞላም። ብልህ ገበሬ በዚህ ጊዜ ይጎነድለዋል። ይኸውም ለቀማው ካለቀ በኋላ በበጋው ወራት ግንዱን ከመሬት አንድ ክንድ ከማይሞላ ከፍታ ላይ፣ የዝናብ ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ አድርጎ ይቈርጠዋል። ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ይወጣል፤ ገበሬውም ሁለት ወይም ሦስት ብርቱ ቀንበጦችን ትቶ የቀረውን ይገነጥላል። ሥሩ ጥልቅ ስለ ሆነ ቀንበጡ ፈጥኖ ያድጋል፤ በሦስተኛው ዓመት ገደማም ያ ያረጀ ሥር እንደ ገና ቀይ እሸት ይሸከማል።

ብዙ ገበሬ ግን መጋዙን ይፈራል። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዛፉ በተቈረጠበት ዓመትና በሚቀጥለው ዓመት ከእርሱ የሚገኝ ገቢ የለም፤ ልጆች ግን በየቀኑ ይበላሉ። ስለዚህ የግብርና ባለሙያዎች ማሳው ሁሉ በአንድ ዓመት እንዲቈረጥ አይመክሩም፤ በየዓመቱ ከፍሎ ከፍሎ መጎንደልን ይመክራሉ እንጂ። አንተም ይህን ምሳሌ ያዝ። ከአንተ የሚፈለገው ሁሉን በአንድ ቀን ትተህ እንድትቀመጥ አይደለም፤ ዓይንህ እያየ፣ ልብህም እያወቀ በየዓመቱ ከፍለህ እንድታስረክብ ነው።

እንግዲህ ጊዜያቸው የደረሰውን ዕዳዎች በተራ እንቍጠር።

አንደኛው ዕዳ መጻፍ ነው። በቁርኣን ውስጥ ካሉት አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ በሱረቱ አል-በቀራ ይገኛል፤ የሚናገረውም ስለ ብድር፣ ስለ አጻጻፉና ስለ ምስክሩ ነው። የቡና ነጋዴ ግን እንዴት እንደሚሠራ አንተ ታውቃለህ። ቡናው ገና በዛፉ ላይ ሳለ ለገበሬው በቃል ብቻ ገንዘብ ይሰጣል፤ እርሱም ከትልቁ ነጋዴ በቃል ብቻ ይቀበላል። መዝገቡ በጭንቅላቱ ውስጥ ነው። በመተማመን የተሠራ ንግድ መልካም ነው፤ ነገር ግን በጭንቅላት የተያዘ መዝገብ ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል። ያን ጊዜ ተበዳሪው ይክዳል፤ አበዳሪው ቍጥር ጨምሮ ይመጣል፤ ባል የሞተባት ሴት በልቅሶ ቤት ተቀምጣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ይሳናታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥቂት ዲናር ዕዳ ባለበት ሰው ሬሳ ላይ ለመስገድ እንዳልፈለጉ፣ አቡ ቀታዳ ዕዳውን በራሳቸው ላይ ከወሰዱ በኋላ ግን እንደ ሰገዱ ተላልፏል። ጥቂት ዲናር እንዲህ ካስቆመ፣ በየመንደሩ በቃል የተበተነ ገንዘብ እንዴት ይሆን!

ከዚሁ ጋራ ኑዛዜ አለ። የሚናዘዘው ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው ነቢዩ አስተምረዋል። ብዙ ሰው ግን ኑዛዜ ከጻፍሁ ሞትን ጠራሁት ብሎ ይፈራል። ለዚህ ፍርሃት የሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ታሪክ መልስ ይሆናል። በዐሥረኛው ዓመተ ሂጅራ በስንብቱ ሐጅ ጊዜ ሰዕድ በአርባ ዓመት አካባቢ ሳሉ በመካ በጽኑ ታመሙ። በዚያን ጊዜ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው፤ ከሀብታቸው ሁለት ሦስተኛውን ለምጽዋት ሊሰጡ ነቢዩን አማከሩ። ነቢዩ ከሲሶ በላይ አልፈቀዱላቸውም፤ ሲሶውም ብዙ መሆኑን ነገሯቸው፤ ወራሾችን ሳይቸገሩ መተው እጃቸውን ለልመና ዘርግተው ከመተው እንደሚሻል አስረዷቸው። ሰዕድ ያን ጊዜ አልሞቱም። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ያህል ኖሩ፤ በቃዲሲያ ጦርነት ጦሩን መሩ፤ ኩፋ የተባለችውንም ከተማ ቈረቈሩ፤ ብዙ ልጆችም ወለዱ። እንግዲህ ሞትን አስቦ ንብረቱን ያስተካከለ ሰው ዕድሜው አላጠረም።

የአገሩንም ሕግ ማወቅ ይገባሃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብና ወዲያው እንዲፈረም ያዝዛል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሹም ከሆነ ግን ሁለት ምስክር ይበቃል። በውርስ ክርክር ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመሄድ ደግሞ የባለጉዳዮቹ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ልጆችህን በሕይወትህ ሳለህ ሰብስበህ አነጋግራቸው። አንተ ሳለህ ያልተስማሙ አንተ ከሌለህ በኋላ ይስማማሉ ብለህ አትመን።

ሁለተኛው ዕዳ ማስረከብ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ሻም ለሚዘምተው ጦር አዛዥ አድርገው በመጨረሻ የሾሙት ኡሳማ ኢብን ዘይድን ነበር። ዕድሜው ሃያ ዓመት አልሞላም፤ በጦሩ ውስጥ ግን ታላላቅ ባልደረቦች ነበሩበት። አንዳንዶች ስለ ልጅነቱ አጉረመረሙ፤ ነቢዩም ለሹመቱ የተገባ መሆኑን ተናገሩ። ነቢዩ ካረፉ በኋላ አቡበክር ስድሳ ዓመት የሞላቸው ኸሊፋ ሆነው ያንኑ ጦር ሸኙ። ወጣቱ በመቀመጫው ላይ ሆኖ ሲሄድ ሽማግሌው በእግራቸው አጠገቡ ይሄዱ ነበር። ኡሳማ አፍሮ ወይ እርሳቸው እንዲቀመጡ ወይ እርሱ እንዲወርድ ለመናቸው፤ ሁለቱንም አልፈቀዱም። ዑመርን በመዲና ከእርሳቸው ጋራ ለማስቀረት በፈለጉ ጊዜም፣ ማዘዝ ሲችሉ፣ ከወጣቱ አዛዥ ፈቃድ ጠየቁ።

አንባቢ ሆይ! ይህን የመጨረሻውን ነገር ደግመህ አስበው። ብዙ አባት ሱቁን ለልጁ ሰጥቻለሁ ይላል፤ ነገር ግን ከልጁ ጀርባ ሠራተኛውን ያዝዛል፣ ልጁ የቈረጠውን ዋጋ በደንበኛ ፊት ይሽራል። ይህ ማስረከብ አይደለም። ማስረከብ ማለት በሰጠኸው ነገር ላይ ፈቃድ መጠየቅ መቻል ነው።

“ልጄ ገና አልበሰለም” ትል ይሆናል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ኀላፊነት ያልተሰጠው በምን ይብሰል? ሲሳሳት የሚያርመው አባት ሳለ ይሳሳት ወይስ የሚያርመው ካጣ በኋላ? ደግሞም “ካስረከብሁ በኋላ ይንቁኛል” ብለህ ትፈራ ይሆናል። ይህም በአንዳንድ ቤት የሚደርስ ነገር ነው፤ አንክደውም። ስለዚህ የጉንደላውን ምክር አስታውስ። ቤትህን፣ የምትተዳደርበትንም አትስጥ፤ ከንግዱ ግን በየዓመቱ አንድ ክፍል ስጥ፤ በጽሑፍና በምስክር አድርገው። በምትሰጥበትም ጊዜ በልጆችህ መካከል አታዳላ። የኑዕማን ኢብን በሺር አባት ለዚሁ ለኑዕማን ለብቻው ስጦታ ሰጥተው ነቢዩን ምስክር እንዲሆኑ በጠየቋቸው ጊዜ፣ ለሌሎቹም ልጆች እንዲሁ ሰጥተው እንደ ሆነ ጠየቋቸው፤ አለመስጠታቸውንም በሰሙ ጊዜ ምስክር ለመሆን እንቢ አሉ።

ሦስተኛው ዕዳ ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ነው። አንተ ብቻ አይደለህም ያረጀኸው። ሃያ ዓመት ጆንያህን የተሸከመው ሰውም ወጣት አይደለም። ጀርባው የጎበጠው በአንተ ዕቃ ነው። ቡና የምትለቅምልህ ሴትም ጣቶቿ እንደ ድሮው አይፈጥኑም። አንተ ድካምህን ስታውቅ “ጉልበት ያለው ወጣት ፈልጉልኝ” ብለህ እርሱን ታሰናብታለህ፤ ለራስህ የምትፈልገውን ዕረፍት ለእርሱ ግን ሥራ ፈትነት አድርገህ ትሰጠዋለህ። ዑመር ኢብን አል-ኸጧብ (ረ.ዐ.) በኸሊፋነታቸው ዘመን ሙስሊም ያልሆነ አንድ ሽማግሌ ሲለምን አገኙ። ጠይቀውም ግብሩና ችግሩ፣ እርጅናውም ለልመና እንዳበቁት በሰሙ ጊዜ፣ ከሰው ወጣትነት ተጠቅሞ በእርጅናው መጣል ፍትሕ እንዳልሆነ ተናግረው፣ ለእርሱና ለመሰሎቹ ከሕዝብ ግምጃ ቤት እንዲሰጣቸው አዘዙ።

በእኛም አገር በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 715 ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታን አቋቁሟል፤ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1268 ተተክቷል። አሠሪው ከደመወዙ 11 ከመቶ፣ ሠራተኛው 7 ከመቶ ያዋጣሉ፤ መደበኛው የጡረታ ዕድሜም 60 ዓመት ነው። ቋሚ ሠራተኛህን አስመዝግበህ እንደ ሆነ ራስህን ጠይቅ። በየዕለቱ ለሚከፈለው ተሸካሚና ለቃሚ ግን ይህ ሕግ አይደርስለትም። ሕግ ያልደረሰለትን ሰው ሕሊናህ ይድረስለት፤ ቀላል ሥራ፣ የሚጠብቀው በር፣ የሚይዘው ሚዛን፣ ካልሆነም ከዘካህ ድርሻ ስጠው። ዘካህን ለሩቅ ከማሰብህ በፊት ጉልበቱን ለአንተ የጨረሰውን ምስኪን ተመልከት። ለሠራበት የሚገባውን ደመወዝ ግን ዘካ ነው ብለህ አትስጠው፤ ዕዳ በዘካ አይከፈልምና።

አንቺም እኅቴ ሆይ! ይህ ምክር ለወንድ ብቻ የተጻፈ አይምሰልሽ። ዓለም የሴትን ወጣትነት በመልኳ ብቻ ስለሚለካ፣ ያለፈባት ሴት ዋጋዋም ያለፈ ይመስላታል። የኡሳማን እናት ኡሙ አይመንን (ረ.ዐ.) አስቢ። የሐበሻ ሴት ነበሩ፤ ስማቸውም በረካ ይባል ነበር። ነቢዩን እናታቸው በሞቱባቸው ጊዜ ያሳደጉ እርሳቸው ናቸው። ወጣትነታቸውን ወላጅ ላጣ ሕፃን ሰጡ። ባረጁ ጊዜ ነቢዩ ይጠይቋቸው ነበር፤ ነቢዩ ካረፉም በኋላ አቡበክርና ዑመር፣ የአገር መሪዎች ሳሉ፣ እርሳቸውን ለመጠየቅ ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። እንግዲህ ከወጣትነት የሚቀረው ለሌላ ሰው የተሰጠው ነው። ለልጆችሽ የሰጠሽው አልጠፋም፤ ለምራትሽም ኩሽናውንና ቁልፉን በመልካም ፊት ባስረከብሽ ጊዜ ደግሞ ይጨመርልሻል።

ሰው ምናልባት “በዚህ ዕድሜ አዲስ ነገር መጀመር ለምን ይጠቅመኛል?” ይላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የመጨረሻዋ ሰዓት ስትመጣ ችግኝ በእጁ ላይ ያለ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክለው እንዳዘዙ ተላልፏል። ፍሬውን የማይበላ መሆኑን እያወቀ ነው የሚተክለው። ለቡናው ጥላ የሚሆነውን ዋንዛ የሚተክል ሽማግሌ በጥላው ሥር ላይቀመጥ ይችላል፤ ጥላው ግን ለሚመጣው ቡና ይሆናል።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ ይህን አንብበህ እንደ ጨረስህ ሦስት ነገር አድርግ። በጭንቅላትህ ያለውን ዕዳ፣ የሰጠኸውንም የወሰድኸውንም፣ በወረቀት ጻፍና ለምታምነው ሰው አሳይ። ከሥራህ ውስጥ በዚህ ዓመት ለልጅህ ወይም ለልጅህ ሴቲቱ የምታስረክበውን አንድ ነገር ለይተህ ንገር፤ ከነገርህም በኋላ እጅህን አንሣ። ጉልበቱን ለአንተ ከሰጠ ሰው አንዱን በስሙ ጠርተህ እንዴት እንደሚኖር ጠይቅ። ይህን ያደረገ ሰው ሽበቱን አይፈራም፤ ሽበቱ የጠየቀውን መልሷልና።

አላህ ያለፈውን ዕድሜያችንን ይማርልን፤ የቀረውን ይባርክልን፤ የሰው ሐቅ በጫንቃችን ሳለ አይውሰደን፤ ልጆቻችንንም ከእኛ የተሻሉ ያድርግልን። አሚን።